የቢራራ ባለቀለበት

«ለእሷ የሞተችዋን ስጧት» ሲባል አረጋሽ የሰማችው ጓዳ ቆማ ብርጭቆ ስታለቀልቅ ነው። የጭቃ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም። ሳሎን ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎችና ታናሽ ወንድሟ ደምለው ተቀምጠው የአባቷን የአቶ ቢራራን ንብረት ያካፍላሉ፤ የአርባው ተዝካር ከወጣ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። ሁለቱ በሬዎች፣ ዳባት አጠገብ ያለው የገብስ መሬትና ቆርቆሮ ቤቱ ለደምለው ሆነዋል። በዚህ ቅር አላላትም፤ እሱ ገበሬ ነው፣ እሷ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የወር ደመወዝተኛ። አባቷንም እዚሁ ቤቷ አምጥታ ስድስት ዓመት ስታስታምም ድርሻ ይቆጠርልኝ ብላ አይደለም። ቃሉ ግን ወጋት። የተናገረው ደምለው ነው፤ አንዱ ሽማግሌም ሳቁን በሳል ሸፈነው። ብርጭቆዎቹን ይዛ ስትገባ ሁሉም ዝም አሉ። ደምለው ጣሪያው ላይ የተወጠረውን የማዳበሪያ ጆንያ እንደ አዲስ ነገር ያያል። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና «ጠብመንጃዋ ላንቺ ትሁን ብለናል፤ የአባት ማስታወሻ ናት» አላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ጠላውን ቀዳች።

በማግስቱ ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። የመሣሪያ ምዝገባው በዚያ ቀን ይዘጋል። ማስታወቂያው ጤና ጣቢያው በር ላይ ስለተለጠፈ ሳምንቱን ሙሉ በወጣች በገባች ቁጥር አንብባዋለች፦ የውርስ መሣሪያ ያለው ከሁለት ምስክር ጋር ይቅረብ፤ ያልተመዘገበ ይወረሳል፤ የማይሰራ ገቢ ይደረጋል። ገቢ የተደረገ ብረት በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ማቅለጫ እንደሚሄድ ሰው ያወራል። እሷ ጠብመንጃ ምንም አያደርግላትም። ነገር ግን የአባቷ አልጋ ባዶ ነው፤ ጋቢው ለመቃብር ቆፋሪዎች፣ ጫማው ለአንድ ለማኝ፣ መቋሚያው ለቤተ ክርስቲያን ሄዷል። የቀረችው ጠብመንጃዋ ብቻ ናት፤ እሷም ዛሬ ትሄዳለች ማለት ነው፣ ካልሰራች።

ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣቻትና የበግ አጎዛዋን ፈታች። የቅቤና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አገሩ «ባለቀለበቷ» ይላታል፤ ከቃታዋ ሥር ጣት የሚያስገባ ትልቅ የብረት ቀለበት አለባት። እንደ ሌላው ጠብመንጃ የሚሳብ መቀርቀሪያ የላትም፣ ካዝናም የላትም። አፈሙዟ ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ከሥሩ ሌላ ቀጭን ቱቦ ተጋድሟል፤ ይህን ቱቦ ገሚሱ ሁለተኛ አፈሙዝ ነው ይላል፣ ገሚሱ የመወልወያ ዘንግ ማስቀመጫ ነው ይላል። ሰደፏ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በእርጥብ የበሬ ጅማት ተጠፍሯል፤ ጅማቱ ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። በጎኗ ቀንዳም አውሬ ተቀርጾባታል። ዋልያ ሊያድን ወደ ስሜን የመጣ አንድ ፈረንጅ በቅሎዎቹን ለመራለት ለአያቷ ለአቶ ዓለምብርሃን የሸለማት ናት፤ ከአያቷ ወደ ትልቁ ልጅ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ አባቷ መጣች። ላይዋ ግን የሚያኮራ አልነበረም። ቅቤው ከአቧራና ከጭስ ጋር ተጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ሆኖባታል፤ ቀለበቷን ይዘው ቢስቡት ድንጋይ እንደመሳብ ነው።

የሞተችው፣ እንደሚባለው፣ የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ነው፤ በምታስፈልግበት ዓመት። ገብረ ኪዳን የሚባል ጎረቤት በድንበር ጠብ ክንዴን ገደለው። አረጋሽ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ደሙን መመለስ የቢራራ ነበር። ለባለቀለበቷ የሚሆን ጥይት ፍለጋ ጎንደር ድረስ ወርዶ ሰነበተ፤ ሲመለስ ሰው ሁሉ ጠበቀ፤ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ፤ በመጨረሻ «ጠብመንጃዋ ሞታብኛለች» አለ። በዚያው ክረምት ወንድ ልጅ ሲወለድለት አያትየዋ ሕፃኑን ተቀብላ ለአባቱ ሳትነግረው ደምለው አለችው። ሽማግሌዎች ደሙን እስኪያደርቁት ድረስ ዐሥር ዓመት ሙሉ ቢራራ ሠርግ ቤት ሲገባ ሴቶቹ ግጥም ያቆሙ ነበር፤ ወይም ይባስ ብለው ይጀምሩ ነበር። በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ጎተራው ውስጥ ብቻውን ይገባና ያችን ጠብመንጃ ይዞ ይውላል፤ በገል እሳት፣ ቅቤ፣ አንድ ጥቅል ጧፍም ይዞ ይገባል። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነው። እናታቸው «ዘንድሮም አቃተው፣ አይ የኔ ጌታ» ትል ነበር። በቀን ብርሃን ጧፍ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጎተራ ጨለማ ነው። ደባርቅ ከመጣም በኋላ፣ ዓይኑ ከደከመም በኋላ፣ በዓመት አንድ ቀን «እስቲ በሩን ዝጉልኝ» ይል ነበር።

አቶ ሀይሉ የልብስ ስፌት መኪናና ማሾ ጠጋኝ ናቸው፤ ሱቃቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በቀድሞው ጦር ውስጥ ሃያ ዓመት መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። አረጋሽ ጠብመንጃዋን በነጠላ ጠቅልላ ስትገባ የአንድ መኪና ፔዳል ቀና እያደረጉ ነበር። ነጠላውን ስትገልጥ ፔዳሉን አስቀመጡት። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ከዚያም ተነሥተው በውሃ ታጠቡ።

«ይቺን ሰምቻት እንጂ አይቻት አላውቅም» አሉ። «ጨካኞች! እንዲህ ቅርፊት አስለበሷት?»

«ጋሽ ሀይሉ፣ ዛሬ ከሰዓት ካልሰራች ይወስዷታል። ስንት ያስከፍሉኛል?»

«ማየቱ በነፃ ነው። ከሰራች ሃምሳ ብር ትሰጪኛለሽ። ካልሰራች ሻይ ግዢልኝ።»

ቅርፊቱን በእንጨት ስለት መፋቅ ጀመሩ፤ ብረት አላስነኳትም። ጥቁሩ ቅቤ እየተጠቀለለ ወደቀ። ከሥሩ የወጣውን ብረት አይተው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉ፤ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። የአፈሙዙ ቀለም ሰማያዊ ነበር፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል የስሜን ተራራ የሚለብሰው ዓይነት ሰማያዊ። አንዲት የዝገት ነጥብ የለችበትም። ቀንዳሙ አውሬ ፀጉሩ ሳይቀር ይታያል። አረጋሽ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያየቻትን ዕቃ አላወቀቻትም። «ይህ እኮ ከሣጥን የወጣ ብረት ነው» አሉ ሀይሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው የተኛበት ቤት ውስጥ ያሉ ይመስል። ከዚያ ቀለበቷን ሞከሩ። አልተነቃነቀችም። በጎኗ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ነካ ነካ አደረጉ፤ የመርፌውን ጫፍ አሸተቱ፤ አረጋሽንም አስሸተቷት።

«ምን ይሸታል?»

«ቤተ ክርስቲያን» አለች ሳታስበው።

ሀይሉ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ሰም ነው። ዝገትም አይደለም፣ ስብራትም አይደለም። ሰው ነው በእጁ የጠቀጠቀው።» በጣም ቀጭን ጉጠት አንሥተው ከቀዳዳው ውስጥ ቀስ ብለው ሳቡ። በሰም የተነከረ የጥጥ ፈትል ወጣ፣ ረጅም፣ የጧፍ ክር። ሌላ ሳቡ። ሌላም። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ከላይ የወጣው ቢጫ ነበር፣ የአምና፤ ቀጥሎ ያለው ጠቆር ያለ፤ ከሥር የወጡት እንደ ቡና ቅርፊት የጠቆሩና በጉጠቱ ሲያዙ የሚፈረፈሩ። ዓመት ዓመት የተጨመረ ነው። አረጋሽ ክሮቹን ስታይ የጎተራው በር ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ የቀላው ዓይን፣ የእናቷ «ዘንድሮም አቃተው»። ሲጠግናት አልነበረም። ሲዘጋት ነበር።

ሀይሉ ጠብመንጃዋን ሰሙ እስኪለቅ በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ደጋግመው ጠቀለሏትና አፈሙዟን ወደ አሸዋው ከረጢት አዞሩ። «ልማድ ነው» አሉ። ቀለበቷን በሁለት ጣት ብቻ ገፋ አደረጓት። ወረደች። አልጮኸችም፣ አልታገለችም፤ በደንብ የተቀባ የመዝጊያ ማጠፊያ እንደሚከፈት ወረደች፤ ከላይ የብረቱ ምላስ ወደ ኋላ ሸሸ፤ በውስጧ አንድ ነገር ከፍ አለ። የናስ ቀለም ነው። ሀይሉ ፊታቸው ነጣ። ቀለበቷን እንደገና ሳቡ፤ ጥይቱ ዘሎ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ተንከባለለ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ የመወልወያ ዘንግ ማስቀመጫ ከተባለው ቱቦ ውስጥ የቀሩት አንድ በአንድ እየተከታተሉ መጡ፣ በድምሩ ሰባት፤ አፋቸው ላይ ትንሽ አረንጓዴ ያዘ እንጂ አሁን የተገዙ ይመስሉ ነበር። የአረጋሽ ሴት ልጅ እሌኒ፣ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለችው፣ ወደዚያ እስክትሄድ ድረስ ከአያቷ ጋር የተኛችው ከዚች በላይ ባለው አልጋ ነው። በቢራራ ቀብር ላይ ጎረምሶች አፈሙዟን ወደ መሬት ዘቅዝቀው በየተራ ተሸክመዋታል፤ የሌላው ሁሉ ጠብመንጃ ሲተኮስ እሷ ዝም በማለቷ አፍረውባታል። ሙሉ ሆና ነው ዝም ያለችው።

ሀይሉ ጥይቶቹን ከጠረጴዛው ላይ ለቀሙ። «ሃያ ዓመት ጠብመንጃ እንዲተኩስ ስጠግን ኖርኩ» አሉ። «እንዳይተኩስ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው አላየሁም።» ሃምሳውን ብር ስትሰጣቸው እጃቸውን መለሱ። ጥይቶቹን በመሐረብ ቋጥረው ሰጧትና በሩ ላይ አስቆሟት። «አንቺ ልጅ፣ አስቢበት። አትሰራም ካልሽ ትቀልጣለች። ትሰራለች ካልሽ ደግሞ አባትሽ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ዕቃው እምቢ ያለው ሰውና ልቡ እምቢ ያለው ሰው በአገራችን አንድ አይደሉም።»

አሰበችበት። መናኸሪያውን፣ የጎንደር አውቶብስ የሚያጥቡትን ሰዎች፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በመደብ የደረደሩትን ሴቶች አልፋ ስትሄድ ሌላ አላሰበችም። ደም ከደረቀ በኋላ አባቷ ለምን ቀጠለ? ከገብረ ኪዳን ጋር ተራርቀው ሳይሆን ተሳስመው፣ አንዱ በሌላው ልቅሶ እየተገኘ ነው የኖሩት። ከእርቁ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ጧፍ መጨመር ለምን አስፈለገ? ደምለው ትዝ አላት፤ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ያቺን ቀለበት በሁለት እጁ ይዞ፣ እግሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ ሲስብ፣ አባቷም በር ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ሲያየው። እንዲያ ያለ ስም የተሰጠው ልጅ ቤት ውስጥ እያደገ ነበር።

መመዝገቢያው ግቢ ውስጥ ከስልሳ የማያንሱ ወንዶች ተሰልፈዋል፤ ክላሽ የያዘ፣ ምንሽር የያዘ፣ ለብርዱ ጋቢ የተከናነበ። ሴት እሷ ብቻ ናት። ነፋሱ ከሊማሊሞ በኩል ይነፍሳል። ደምለው ቀድሞ መጥቶ ክላሹን አስመዝግቦ ጨርሷል፤ ሲያያት መጥቶ አጠገቧ ቆመ እንጂ የትናንቱን ነገር አላነሣም። «እታለም፣ መኪና ትከራያለሽ ብዬ ነበር፤ ሬሳ በእግር ይመጣል?» አለ። በአጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ነጠላዋን ይበልጥ ጠቀለለቻት።

አቶ ገብረ ኪዳን ከመስመሩ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ አንዱ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ የልጅ ልጃቸውን ምስክር ሊሆኑ ነው የመጡት። ተረብ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። «የቢራራ ልጅ! ነይ እስቲ፣ ሰላም በይኝ» ብለው ሦስት ጊዜ ሳሟት። «አመጣሻት? እሰይ። ሳትሄድ ልሰናበታት።» ከዚያም ከእርቁ ወዲህ ሲያወሩት የኖሩትን ጨዋታ ለማያውቁት ጎረምሶች ጀመሩ። «ይቺን ዝገታም ታያላችሁ? እኔ ለሷ በየዓመቱ ዝክር ማውጣት ነበረብኝ። ክንዴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሰይጣን ምክር ያጠፋሁት ጊዜ ነው። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ማለዳ ወንዝ ወርጄ ተንበርክኬ ስጠጣ ቀና ብል ቢራራ ከቋጥኙ ኋላ ተኝቷል፤ ከዚህ እስከዚያ በር አይሆንም። አፈሙዟ እዚህ፣ ግንባሬ ላይ። መሸሻ የለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። አባታችን ሆይን ጨረስሁ። ደገምሁ። ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ ቢራራ ሄዷል። ለካ ጠብመንጃዋ ሞታበታለች! ዝገት ነው ያዳነኝ፣ ልጆቼ፤ ስምንት ልጅ የወለድሁት በዝገት ነው።»

ጎረምሶቹ ሳቁ፤ ደምለውም ከንፈሩን ነክሶ አብሮ ፈገግ አለ፤ ይህን ጨዋታ ሲሰማ ሁልጊዜ እንዲያ ያደርጋል። ለአረጋሽ የአባቷ እጆች ታዩዋት፤ በመጨረሻው ዓመት፣ ዓይኑ ጭራሽ ማየት ተስኖት፣ በዳበሳ ክር ሲጠቀጥቁ። መዝጋቢው ሙሌ የሚባል ወጣት ነው፤ ከመስኮቱ «ቀጣይ!» አለና ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የመሣሪያውን ዓይነት ጻፈ። «ሁኔታ?» አለ ቀና ሳይል። ከዚያ ነጠላውን አይቶ «ያቺ ናት እንዴ? የማይሰራ ልበል?»

«አያ ገብረ ኪዳን» አለች አረጋሽ፣ ወደ ወጣቱ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ዞራ። «ዝገት አልነበረም።»

ነጠላውን ገለጠች። ሰማያዊው ብረት ብርሃን ላይ ወጣ። አፈሙዟን ወደ ሰማይ አድርጋ ቀለበቷን አወረደች፣ መለሰች። ድምፁ አጭርና ጥርት ያለ ነበር፤ እንደ ጥሩ ቁልፍ። መሐረቡን መስኮቱ ደፍ ላይ ፈታችው። «በውስጧ ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ። በጧፍ ነው የዘጋት፤ በየዓመቱ፣ እስኪሞት።» ሌላ ልትል አስባ ነበር፣ ግን ያለው ይኸው ነው።

ደምለው ጥይቶቹን በጣቱ ነካ፤ ሰባቱንም በየተራ፣ የሚያቃጥሉ ይመስል። «ሙሉ ሆና ነው?» አለ። «እታለም፣ ሙሉ ሆና ነው የተወው?» ድምፁ የተቆጣ ወንድም ድምፅ ሆኖ ተነሥቶ የልጅ ድምፅ ሆኖ ወደቀ። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው «ታዲያ ወንድ ነበር?» ሲል ተሰማ። ሌላ «ዝም በል» አለው። ገብረ ኪዳን ከድንጋዩ ለመነሣት ሞከሩ፤ አንዴ ተመልሰው ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በብብታቸው ያዙ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ አፈሙዟን በእጃቸው መዳፍ ነኳት፣ ግንባራቸውን ዝቅ አድርገው አስነኳት፤ ብርዱ እስኪሰማቸው ድረስ እዚያው ቆዩ። ጨዋታቸው ሁሉ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር። «እኔ እኮ» አሉ፣ «እኔ እኮ በየቀብሩ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዝገት እያልሁ ሳስቅበት፣ አብሮኝ ይስቅ ነበር።»

ሙሌ እስክሪብቶውን ይዞ ሲጠብቅ ቆየና፣ «ይሰራል» ብሎ ጻፈ። «ጥይት፣ ሰባት።» ከዚያ በትሕትና፣ «የውርስ ስለሆነ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። የአቶ ቢራራ እንደነበረና ለርስዎ እንደተላለፈ የሚያውቅ» አላት። ደምለው አፉን ከፈተ። የምትሰራ ጠብመንጃ ለወንድ ልጅ እንደምትሰጥ፣ ክፍፍሉ እንደገና ይታይ ቢል የሚከለክለው እንደሌለ ሰልፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ሽማግሌው ቀደሙት።

«እኔን ጻፍ። ገብረ ኪዳን በልና ጻፍ። ከኔ የበለጠ የሚያውቃት የለም፤ ባለዕዳዋ ነኝ። የቢራራ ነበረች። አሁን የሷ ናት፤ ከሷ ሌላ እጅ እንድትገባ አልመሰክርም።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ወጣቱ ሁለተኛውን መስመር በጣቱ አሳይቶ ወደ ሰልፉ አየ። ደምለው አሁንም ጥይቶቹን ያያል። ከዚያ ሰባቱን ሰበሰበ፣ መሐረቡ ላይ መልሶ ቋጠራቸውና ለእህቱ ሰጣት፤ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ስሙን ጻፈ። አራተኛ ክፍል ነው ያቆመው፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ አስጨንቆ ነው የጻፋቸው። ሲጨርስ ስሙን ለአፍታ ተመለከተው። «እኔ ትናንት ያልኩትን ሰምተሻል» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«አላወቅሁም፣ እታለም።»

«እኔም አላወቅሁም» አለችው።

ከግቢው ሲወጡ ጠብመንጃዋን እሱ ሊሸከምላት ጠየቀ፤ ሰጠችው። በሁለት እጁ፣ እንደ ታቦት ባይሆንም እንደ ሕፃን አድርጎ ያዛት። ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ላይ ሲደርሱ አረጋሽ ቆመች። በሩ ሥር አንዲት መነኩሲት ጨርቅ ዘርግተው ጧፍ ይሸጣሉ፤ ቀጭኑ ሃምሳ ሳንቲም፣ ወፍራሙ አንድ ብር። ከሁለቱም ዓይነት አነሣች። መነኩሲቷ «ለማን ነፍስ ነው ልጄ?» አሏት።

«ለአባቴ።»

«ይህ ሁሉ አሁን ይበራል?»

አረጋሽ ወንድሟን አየችው። ደምለው ከመንገዱ ዳር ቆሞ፣ ማንም ሳያዘው፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አዙሮ ነበር። «ወፍራሙ ይበራል፣ እማሆይ» አለች። «ቀጫጭኑን ቤት እንወስደዋለን።»